ብሬከሩን አጥፍቼ ለምን ያዘኝ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። መጸዳጃ ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ የኮሪደሩ ማብሪያ ደግሞ ሳሎን በር ላይ። በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ ሲሄዱ አንድ ሌሊት ከወንበር ተጋጭተው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስብራት አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ኤሌክትሪክ ይሞካክራል። ሰምቶ መጣና ከአባቴ አልጋ ራስጌ አንድ ስዊች ገጥሞ ሳሎኑን፣ ኮሪደሩንና በረንዳውን ባንድ ጊዜ እንዲያበራ አደረገው። ሳሎን ስምንት፣ ኮሪደር ሦስት፣ በረንዳ ሁለት አምፖል አለ፤ ሁሉም ኤልኢዲ ናቸው። ገንዘብ አልቀበልም አለ። አባቴ መረቁት።

ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ከአልጋቸው ሆነው ሲያጠፉ አንዳንዴ አይጠፋም፤ ሳሎን በር ላይ ያለውን የኮሪደር ስዊች ሄደን ስናጠፋ ነው የሚጠፋው። ሁሉም ጠፍቶም የኮሪደሩ አምፖሎች ድብዝዝ ብለው ያድራሉ። ያለፈው ቅዳሜ የሳሎኑ አንድ የአምፖል መያዣ ተቃጥሎ ልቀይር «ሳሎን» የሚለውን ብሬከር አጠፋሁ። ወንበር ላይ ቆሜ ሽቦውን ስፈታ ምንም አልነበረውም። አባቴ እንቅልፋቸውን ጨርሰው ያቺን ስዊች ሲጫኑ ያዘኝ። ከወንበሩ ወደቅሁ። ክንዴ እስከ ማታ ሲነዝረኝ ዋለ።

ባለቤቴ «ዋናውን አለማጥፋትሽ ነው» ይላል። ሌላ ባለሙያ ልጥራ ስል የአክስቴ ልጅ ይቀየመኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እናቴ ባረፈች ጊዜ ከጎናችን ያልተለየ ልጅ ነው። ስዊቹን ላስነቅል ብል አባቴ «ለእኔ ብሎ የሠራውን!» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

የአባቷ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህታችን፣ እንኳን አተረፈሽ። ሽቦው ቀርቶ አንቺን እናስቀድም። ከቅዳሜ ወዲህ ልብሽ ያለ ምክንያት ደንገጥ ደንገጥ ካለ፣ ደረትሽን ከጨነቀሽ፣ ካዞረሽ፣ ወይም ሽቦው በነካሽ ቦታ ላይ ትንሽም ብትሆን የቃጠሎ ምልክት ካለ ሐኪም ጋ ሂጂና «ኤሌክትሪክ ይዞኝ ነበር» ብለሽ የልብ ምርመራ ተነሺ። ስትወድቂ ጭንቅላትሽ ወይም ወገብሽ ተመትቶ ከሆነም እንደዚያው። ምንም ከሌለብሽ ደግሞ እሰየው።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። «ሳሎን» የሚል ብሬከር አጥፍቶ የሳሎን መብራት የሚነካ ሰው ማድረግ ያለበትን አድርጓል። ባለቤትሽ ዋናው ቢጠፋ ኖሮ አይይዝሽም ነበር ማለቱ ልክ ነው። ግን ብሬከር ላይ ስም የሚጻፈው አንዱን ለይቶ ለማጥፋት ነው፤ ስሙ ከዋሸ ቀጥሎ የሚያዘው ስለዚህ ነገር ምንም የማያውቅ ሰው ይሆናል። ከነገርሽን ሁሉ ከባዱን ቦታ የምንሰጠው ሽቦው መጀመሪያ ላይ ምንም እንዳልነበረው፣ አባትሽ ሲጫኑ ግን ድንገት እንደመጣበት ነው። ምን እንደተሠራ የሚነግረን ይኸው ነው።

የአክስትሽ ልጅ ያደረገውን ሳናይ በምልክቱ ብቻ እንናገር። ከሳሎኑ ማብሪያ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ሽቦና ከኮሪደሩ ማብሪያ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ ከአዲሱ ስዊች መውጫ ጋር አገናኝቷቸዋል። ለአዲሱ ስዊች የሚሆነውን ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ፣ ደግሞ ከቅርብ ቦታ፣ ከአባትሽ መኝታ ቤት ወይም ከኮሪደሩ መስመር ወስዷል። የድሮዎቹ ማብሪያዎችም ባሉበት ቀርተዋል። ስለዚህ አሁን ሦስት ማብሪያዎች አንድ የሽቦ ገንዳ ውስጥ ይቀዳሉ። አንዳቸው ከበሩ ሁሉም አምፖል ይበራል፤ ለማጥፋት ግን ሦስቱም መጥፋት አለባቸው። አባትሽ እያጠፉ «አልጠፋም» የሚሉት የኮሪደሩ ስዊች በርቶ ሲቀር ነው። ዓይናቸው ወይም እጃቸው ስቶ እንዳልሆነ ይህን ንገሪያቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌን ሳይናገሩት ያሳዝነዋል።

አደጋው ግን ከዚህ ይከፋል። ሳሎኑ ከአንድ ብሬከር፣ አዲሱ ስዊች ከሌላ ብሬከር ይመገባሉ። አንቺ የሳሎኑን ስታጠፊ በዚያ በኩል ያለው በር ተዘጋ። አባትሽ ሲጫኑ በሌላኛው በር ገባ። ሁለት ምንጮች በአንድ ሽቦ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ የትኛውንም ብሬከር ለብቻው ብታጠፊ ሽቦው ሞቷል ማለት አይቻልም።

በአንድ ማብሪያ ብዙ መብራት ማብራት በራሱ ምንም ነውር የለውም። አምፖሎቹ አሥርም ሆኑ ሃያ፣ በአንድ ክፍልም ሆኑ በሦስት፣ ምንጫቸው አንድ ብሬከር ከሆነ ደህና ነው። ነውሩ ሁለት ብሬከር በአንድ ማብሪያ ጀርባ መጨባበጣቸው ነው።

ይህን ለባለቤትሽም ለአክስትሽ ልጅም ማሳየት የምትችዪበት ሙከራ አለ፤ ካቻቢቴም አያስፈልገውም። መጀመሪያ ግን ያ ተፈትቶ የተንጠለጠለው የሳሎን ሽቦ ይዘጋ። ዋናውን ብሬከር አጥፊ፤ ጀነሬተር ወይም ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ካላችሁ እሱንም አጥፊ። ሁሉንም ማብሪያዎች አብርተሽ በቤቱ ውስጥ ምንም እንዳልበራ እዪ። ከዚያ ሽቦዎቹን ሁለቱንም ለየብቻ በባለ ብሎን ማገናኛ ሸፍነሽ ላዩን በናስትሮ ጠቅልያቸው። ለዚህ ሥራ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ያለው ጎረቤት ብትጠሪ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

አሁን ዋናውን መልሺውና ሦስቱንም ማብሪያዎች አጥፊ። የኮሪደሩን ብቻ አብሪ። ሳሎኑም በረንዳውም አብሮ ከበራ የመውጫ ሽቦዎቹ መጠምዘዛቸው ተረጋገጠ። እሱን አጥፊና «ሳሎን» የሚለውን ብሬከር አውርጂ፤ የአባትሽን ስዊች አብሪ። ሳሎኑ ይበራል፤ ቅዳሜ አንቺን የያዘሽ ይህ ነው። እንደበራ ሌሎቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ አውርጂ። አምፖሎቹ የሚጠፉበት ብሬከር አዲሱን ስዊች የሚመግበው እሱ ነው። ስሙን ወይም ከግራ ስንተኛ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ ሁሉንም መልሺና የሳሎኑን ማብሪያ ብቻ አብርተሽ የኮሪደሩን ብሬከር አውርጂ፤ ኮሪደሩ አሁንም ከበራ ሁለተኛው ምስክር ተገኘ። ሁሉ ነገር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ባለቤትሽ አጠገብሽ ቆሞ ብሬከሮቹን እሱ ቢያወርድ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ያቺን ወረቀት ከብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፊያት፤ ከላይዋም «መብራት ሲነካ ዋናው ይጥፋ» ብለሽ በትልቁ ጻፊ። ጥገናው እስኪሠራ ድረስ የቤቱ ሕግ ይኸው ይሁን፤ አምፖል ለመቀየርም ቢሆን።

ስለ ኒውትራል፣ ኤሌክትሪኩ ስለሚመለስበት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስለሆነው ሽቦ፣ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «ሰማያዊው አይይዝም» ይባላል። ሰማያዊው የማይዘው መመለሻው ሳይቋረጥ ከብሬከር ሳጥኑ ጋር እንደተያያዘ ሲቆይ ነው። በእናንተ ቤት አባትሽ ሲያበሩ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በአንዱ ብሬከር ፌዝ፣ የሚመለሰው ግን በሳሎኑ ኒውትራል ነው። የሳሎኑን ብሬከር አጥፍቶ ያንን ኒውትራል ከማያያዣው የሚነቅል ሰው በአምፖሎቹ ውስጥ አልፎ የመጣ 220 ቮልት በእጁ ይይዛል። በተዋሰ ኒውትራል የተጎዳ ኤሌክትሪሺያን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ፌዝና ኒውትራል ከአንድ መስመር አብረው ይሂዱ፣ አብረው ይመለሱ።

ደብዘዝ ብሎ የሚያድረው የኮሪደር መብራት ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ማብሪያው በፌዙ ፋንታ ኒውትራሉን የሚቆርጥ ሆኖ ሲገጠም ነው፤ ይህ መጥፎ ነው፣ ምክንያቱም አምፖሉ «ጠፍቶ» እያለ መያዣው ውስጥ ሁልጊዜ ፌዝ አለ። ሌላኛው ወደ አባትሽ ክፍል የተሳበው ረጅም ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለው ሌላ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ጎን ለጎን ሲሄድ ነው። ሁለቱ ሳይነካኩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሻገራል፤ የድሮው አምፖል አይሰማውም ነበር፣ ኤልኢዲ ግን በዚያች ብቻ ጭል ጭል ይላል። ይህኛው አይጎዳም፣ ዓይን ያስቸግራል እንጂ። የትኛው እንደሆነ ባለሙያው ማብሪያውን አጥፍቶ መያዣው ላይ በመልቲሜትር ቢለካ ይለያል። ከአምፖል መያዣው ፌዝ ወደ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ሙሉ 220 አካባቢ ካሳየና የድሮው ዓይነት አምፖል በመካከል ሲገባም ካልወረደ የመጀመሪያው ነው። አምፖሉ ሲገባ የሚወርድ ቮልት ከሆነ ሁለተኛው ነው።

ቤቱ ይቃጠል ይሆን ብለሽ ሌሊት እንዳትጨነቂ እውነቱን እንንገርሽ። የመብራት መስመር በተለምዶ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ሆኖ በ10 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። ሁለት ብሬከሮች ሲገናኙ ለአንዱ ሽቦ እስከ 20 አምፔር ሊደርስ ይችላል፤ ሽቦው ይግላል፣ አንዳቸውም አይወርዱም። ግን ያንቺ አምፖሎች ምን ያህል ይወስዳሉ? አሥራ ሦስቱም ባለ 9 ወይም ባለ 12 ዋት ቢሆኑ ጠቅላላው ከ160 ዋት አያልፍም፤ በ220 ቮልት አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም። ዛሬ ያለው አደጋ የመያዝ ነው። የእሳቱ የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከዚያው ሽቦ ለካውያ ሶኬት ሲያወጣበት ነው።

ይህ ስሌት ሌላም ነገር ይነግረናል። አንድ የ10 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት 2,200 ዋት ይችላል። የሳሎንና የኮሪደር መብራት ሁለት ብሬከር ላይ የተቀመጡት በጭነት ብዛት ሳይሆን አንዱ ሲወርድ ቤቱ በሙሉ እንዳይጨልም ነው። አንድ ላይ ቢሆኑ ሽቦው አይከብደውም።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅሽ። አባትሽ ሌሊት ሲነሱ ሳሎኑ መብራቱ ለምን አስፈለጋቸው? በረንዳውስ? የደከመ ዓይን ከጨለማ ወጥቶ ስምንት የሳሎን አምፖል ባንዴ ሲበራበት ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይም፤ ያ ጊዜ ደግሞ ከአልጋ ወርደው የሚቆሙበት ነው። «ሁሉንም» ያሉት እሳቸው ናቸው ወይስ የአክስትሽ ልጅ ለጋስ ሆኖ ነው? ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ያለው መንገድ በለስላሳ ብርሃን ከታያቸው ይበቃቸዋል የሚል ግምት አለን። ዛሬውኑ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የሌሊት መብራት ኮሪደሩ ላይ አንድ፣ መጸዳጃው አጠገብ አንድ አድርጊላቸው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ራስጌያቸው ይኑር። ለጊዜው መንገዳቸው ይታያቸዋል፤ አንቺም ለጥገናው ጊዜ ታገኛለሽ።

ግምታችን ልክ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው፦ የራስጌው ስዊች የኮሪደሩን መብራት ብቻ ያብራ፣ ሳሎንና በረንዳ ወደ ድሯቸው ይመለሱ። ኮሪደሩ ከሁለት ቦታ፣ ከሳሎን በርና ከአልጋው፣ መብራትና መጥፋት አለበት። ለዚህ ተራ ማብሪያ አይሆንም። «ቱ ዌይ» የሚባለው ይገዛል፤ ከጀርባው ሁለት ሳይሆን ሦስት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ «ኮመን» ተብሎ ምልክት የተደረገበት፣ ሁለቱ ቁጥር ያላቸው። ከኮሪደሩ ብሬከር የሚመጣው ፌዝ የአንደኛው ማብሪያ ኮመን ውስጥ ይገባል። ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ሽቦ ከሁለተኛው ማብሪያ ኮመን ይወጣል። ቁጥር አንድ ከቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት ከቁጥር ሁለት ይገናኛሉ።

በእናንተ ቤት ፌዙም የአምፖሉም ሽቦ የሚገኙት ሳሎን በር ያለው ሳጥን ውስጥ ስለሚሆን፣ ወደ አልጋው ሦስት ሽቦ ይሳባል፦ ሁለቱ ማገናኛዎች፣ ሦስተኛው ከአልጋው ማብሪያ ኮመን ወደ አምፖሎቹ የሚመለሰው። ርቀቱ በቱቦው መንገድ 12 ሜትር ቢሆን 36 ሜትር ባለ 1.5 ሽቦ ነው፤ በየሳጥኑ ለማጠፊያ የሚተርፍ ጨምራችሁ 40 ግዙ። አሁን የተሳበው ሽቦ ጥሩ ከሆነና ሦስት ከሆነ አዲስ አያስፈልግም። በዚህ ሥራ ዘወትር የሚሳሳቱት ኮመኑን ነው። ኮመኑና ቁጥር አንዱ ከተለዋወጡ መብራቱ የሚሠራው ሌላኛው ማብሪያ ወደ አንድ ወገን ሲሆን ብቻ ነው። አባትሽ «ዛሬም እንቢ አለ» ካሉ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

«የለም፣ አባዬ ሳሎኑም እንዲበራ ይፈልጋሉ» ካልሽ እሱም ይቻላል፤ ምንጩ ግን አንድ ይሁን። ባለሙያው ዋናውን አጥፍቶ ብሬከር ሳጥኑን ይከፍታል፤ የሳሎኑንና የኮሪደሩን መብራት ወደ አንድ የ10 አምፔር ብሬከር ያመጣቸዋል፤ ኒውትራሎቻቸው አንድ ባር (ማሰሪያ ብረት) ላይ ይሁኑ። ባዶ የቀረው ብሬከር ወርዶ «አይሠራም» ተብሎ ይጻፍበት። ከግድግዳው ውስጥ ወደ ማብሪያዎቹ የሚደርሰው ፌዝም አንድ ብቻ ይሁን፤ የሌላኛው ፌዝ ከሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ ይሸፈን። ከሁለተኛው ኮመን የሚወጣው ሽቦ፣ የሳሎኑ አምፖሎች ሽቦና የኮሪደሩ አምፖሎች ሽቦ ሦስቱ በአንድ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማገናኛ ይገናኛሉ። እንዲህ ሲሆን ግን የሳሎኑ የድሮ ማብሪያ ሥራ ያጣል፤ ወይ በክዳን ይዘጋል፣ ወይ በሁለቱ ቱ ዌይ መሃል የሚገባ ባለ አራት ቀዳዳ ማብሪያ ይተካዋል። እንግዳ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ አባትሽ ተኝተው ስዊቹን ቢነኩ ሳሎኑ እንደሚጨልምም አስቢበት። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን የምንመርጠው።

በረንዳውን ከሁለቱም አውጡት። ውጭ ያለ መብራት ክረምት ላይ ውሃ ይገባዋል፤ ሲገባው ብሬከሩን ያወርዳል፤ ያኔ አባትሽ ሌሊት የሚሄዱበት ኮሪደርም አብሮ ይጨልማል።

ሁለት መስመሮች የግድ በየራሳቸው ብሬከር እንዲቆዩ ሲፈለግ፣ ሰፊ ግቢ ሲሆን ወይም ብዙ ትልልቅ የውጭ መብራቶች ሲኖሩ፣ ኮንታክተር የሚባል ዕቃ አለ። ባለ 220 ቮልት መጠምጠሚያ ያለው፣ ሁለት መግቢያና መውጫ ያለው ኮንታክተር ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ስዊቹ የሚያዘው ኮንታክተሩን ብቻ ነው፤ መስመሮቹ በየራሳቸው በር ያልፋሉ፣ ፌዛቸውም ኒውትራላቸውም አይነካካም። ለእናንተ ቤት ግን ያለ ቅጥ ውድ ነው፤ ደግሞም ሲበራ ጧ ይላል፣ አንዳንዱም ሲያጉረመርም ያድራል። ይህን ያነሣነው ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ላላቸው ሌሎች አንባቢዎች ስንል ነው። እነሱ ቤት ሁለት የመብራት መስመሮች በሁለት የተለያዩ ፌዞች ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመካከላቸው 380 ቮልት አለ። በአንድ ስዊች ጀርባ ማገናኘት ቀርቶ በአንድ የስዊች ሳጥን ውስጥ ማኖሩም አይመከርም።

ባለሙያው ሲመጣ ሥራውን ለማወቅ ኤሌክትሪሺያን መሆን አያስፈልግሽም። እንዴት እንደሚጀምር ተመልከቺ። ዋናውን አጥፍቶ መልቲሜትሩን መጀመሪያ የሚሠራ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ከቆጣሪው የሚመጣው መግቢያ ላይ፣ ይሞክራል፤ ከዚያ የሚሠራበትን ሽቦ ይለካል፤ ከዚያ ተመልሶ ያንኑ የሚሠራ ነገር ይለካል። ካልለካ መሣሪያው እንደሞተ ያውቃል። ባለ አንድ ጫፍ ካቻቢቴ ቴስተር ብቻ ይዞ «የለውም» የሚል ሰው አትመኚ፤ እሷ ትንሿ መብራት ደረቅ ወለል ላይ ቆሞ ሰውን ስታታልል ኖራለች። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ ሲቀብር ካየሽም አስቁሚው። ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይፈታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀረው ባዶ ጥምዝ ነው። መጋጠሚያ ሁሉ በማገናኛ፣ ማገናኛውም ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑም በልስን ሳይደፈን። ከማብሪያ ወደ አምፖል ለሚሄደው ፌዝ ሰማያዊ ሽቦ ከተጠቀመ በሁለቱም ጫፍ ቡናማ ወይም ቀይ ናስትሮ ይጠምጥምበት፤ አለዚያ ቀጣዩ ሰው ኒውትራል ነው ብሎ ይነካዋል።

እግረ መንገዱን ብሬከር ሳጥናችሁ ውስጥ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለው ሰፋ ያለ ብሬከር እንዳለ ይይልሽ። ከሌለ 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚለው ይገጠምላችሁ። ኤሌክትሪክ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲያፈስ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚቆርጠው እሱ ነው። የተገናኙ ብሬከሮችን ግን አይፈታልሽም፤ ፌዙንና ኒውትራሉን ባንድ ላይ የያዘን ሰውም አያድንም። በወር አንዴ ቁልፉን መጫን የባለቤትሽ ሥራ ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡን ከመስጠትሽ በፊት ያንኑ የቀድሞ ሙከራ ድገሚው። የኮሪደሩን ብሬከር አውርጂና ማብሪያዎቹን ሁሉ ወደ ላይም ወደ ታችም አድርጊ፤ ኮሪደሩ በምንም መንገድ መብራት የለበትም። የሳሎኑንም እንደዚያው።

ወደ አክስትሽ ልጅ እንምጣ። «ይቀየመኛል» ስትዪ ያስፈራሽ ሥራው መነካቱ ነው ወይስ ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ? ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስቀይመው ሁለተኛው ነው። ባለሙያው ከመጣ በኋላ ቢሰማ «ሥራዬን አስነቅለው ሰው ፊት አዋረዱኝ» ይላል። አንቺ ቀድመሽ ብትደውዪለት ግን ሌላ ነው። የሳሎኑን ብሬከር አጥፍተሽ ሳለ እንደያዘሽ ንገሪው፤ ከወንበር እንደወደቅሽም አትደብቂው። «አንተ ነህ» አትበዪው፤ እሱ ራሱ ይገባዋል። ከዚያ «ቅዳሜ አንድ ባለሙያ ይመጣል፣ መስመሩን የምታውቀው አንተ ነህና ና አሳየው» በዪው። ይህ ማባበያ ብቻ አይደለም፤ ሽቦውን በየት በኩል እንደሳበ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ግድግዳ ከመቆፈር ያድናችኋል። «እኔው መጥቼ አስተካክለዋለሁ» ቢል አትከልክዪው፤ ግን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ሰው አጠገቡ ቆሞ ይለካ። ኤሌክትሪክ መሞካከር ለሚወድ ልጅ ከዚያ የተሻለ ትምህርት የት ይገኛል?

ለአባትሽ ደግሞ ስዊቹ እንደማይነቀል ንገሪያቸው። ያለበት ቦታ ላይ ይቆያል፤ የሚቀየረው ጀርባው ነው። ምርቃታቸውም አይሻርም።

ያ የተቃጠለው የአምፖል መያዣ ሲቀየር አምፖሉ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት ዓይነት ከሆነ ፌዙ ከታች መሃል ላይ ካለችው ምላስ ጋር፣ ኒውትራሉ ከጥርሱ ጋር ይታሰር። ተገልብጦ ከታሰረ አምፖል ሲገባና ሲወጣ ጣት የሚነካው ጥርስ ፌዝ ይሆናል። የሙከራሽን ውጤት፣ የትኛው ብሬከር ሲወርድ የትኛው መብራት እንደጠፋ ጽፈሽ ብትልኪልን፣ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት አይተን እንመልስልሻለን።